የሕመም ማስታገሻው ሲቋረጥ፦ ክሪዝን ያለ ኦፒዮይድ ማስታገስ ይቻላል?

በየቤቱ «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሕመም አንዳንዴ የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ስቃዩን የሚያቀልሉ፣ ራሳቸው ግን ኦፒዮይድ ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ምን ይሠራሉ? ምን አይሠሩም? ከሕመሙ በኋላ ያለው ሳምንትስ ለምን ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራል?

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። አሽዶድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አርብ ከሰዓት። ወገባቸውን ከታመሙ ሁለት ዓመት የሆናቸው አንዲት አያት በየሦስት ቀኑ ደረታቸው ላይ የሚለጥፉት ፕላስተር አልቆባቸዋል። ሚርሻሙ አልታደሰም፣ ኩፓት ሆሊም ተዘግቷል። ልጆቹ «እሁድ እንሄዳለን፣ ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

ቅዳሜ ማታ አያት ደጋግመው ያዛጋሉ። ከዚያ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ያልባቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርዳቸዋል። ሌሊቱን እግራቸው እረፍት ይነሳቸዋል። እሁድ ጠዋት ተቅማጥና ማስመለስ ይጨመርበታል። ጎረቤት ገብታ ታይና «ምች ነው የመታቸው» ትላለች። ዳማ ከሴ ፍለጋ ይጀመራል።

ይህ ቤት ምሳሌ ነው እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ምልክቶቹ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ላይ በዚሁ ዓይነት ተጽፈው ይገኛሉ። ፕላስተሩ ፌንታኒል ነው፤ ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ የሚበረታ ኦፒዮይድ። አያትን የያዛቸው ምች አይደለም፤ ሰውነታቸው የለመደውን መድኃኒት በድንገት ማጣቱ ነው። በዕብራይስጥ ሰፈር ውስጥ ወጣቱ «ክሪዝ» የሚለው እሱ ነው።

ከቡና ሱስ ብንጀምር

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት ቡና ያልጠጣች እናት ቀትር ላይ ራሷን በሻሽ አስራ ትገኛለች። «ሱሴ ነው» ትላለች፤ ማንም ዕፅ ተጠቃሚ አይላትም። ሰውነቷ በየቀኑ የሚያገኘውን ነገር ጠብቆ ሥራውን በዚያ ልክ አስተካክሏል። ያ ነገር ሲቀር ሚዛኑ ይናጋል፣ ራሷን ያማታል። አንድ ስኒ ስትጠጣ ይለቃታል።

ኦፒዮይድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የጉልበቱ ነው። ማንኛውም ሰው፣ ምንም ያህል ጨዋና ጠንካራ ቢሆን፣ እነዚህን መድኃኒቶች ለሳምንታት በየቀኑ ከወሰደ ሰውነቱ ይለምዳል። ሐኪም አዝዞለት በትክክል የወሰደም ይለምዳል። ከመንገድ ሄሮይን ገዝቶ የወሰደም ይለምዳል። ሰውነት ሚርሻም አያይም።

ችግሩ አማርኛችን «ሱስ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር መጠቅለሉ ነው። ዕብራይስጥ ይለያቸዋል፦ ሰውነት ሲለምድ «ትሉት»፣ ሰው ጉዳቱን እያየ፣ ቤቱና ሥራው እየፈረሰ፣ አሁንም መተው ሲያቅተው ግን «ሂትማክሩት» ይባላል። ሁለተኛው ባለበት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አለ። የመጀመሪያው ያለበት ሁሉ ግን ሁለተኛው የለበትም። የምሳሌያችን አያት ትሉት አለባቸው፤ ሱሰኛ ግን አይደሉም።

ሌላም ቃል አለን፣ ከጫት የመጣ፦ «ሐራራ»። ሐራራ ጥማቱ ነው፤ ልብን የሚጎትተው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚያሰኘው። ይህን ቃል ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። መድኃኒቶቹ የሚችሉትንና የማይችሉትን የሚለየው እሱ ነውና።

ከወገብ ሕመም እስከ ፌንታኒል

አሽዶድ በጉልበት የምትኖር ከተማ ናት። ወደቡ ከ1965 ጀምሮ ይሠራል። በመጋዘኑ፣ በፋብሪካው፣ በጽዳቱ፣ አረጋውያንን በመንከባከቡ ሥራ የተሰማራው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከእነዚህ መካከል በዘመቻ ሙሴም ሆነ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ወላጆቻችንና አያቶቻችን አሉበት። ሃያና ሠላሳ ዓመት ጎንበስ ቀና ያለ ወገብ አንድ ቀን ይጮኻል። ሐኪሙ መጀመሪያ አካሞል ያዝዛል፣ ቀጥሎ ሌላ ያዝዛል። አንዳንዴ መንገዱ ወደ ትራማዴክስ፣ ወደ ፐርኮሴት፣ ወደ ታርጊን፣ በመጨረሻም ወደ ፌንታኒል ፕላስተር ይወስዳል።

እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ለካንሰር ሕመም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለው ስቃይ ምትክ የማይገኝላቸው ጊዜ አለ። ነገር ግን በእስራኤል የሐኪም ማዘዣ ኦፒዮይድ አጠቃቀም ባለፉት ዓመታት እጅግ ጨምሯል። የኢየሩሳሌሙ ታውብ ማዕከል ተመራማሪዎች በተለይ የፌንታኒሉ ነገር እንዳሳሰባቸው በይፋ ጽፈዋል። ለረጅም ጊዜ ኦፒዮይድ «የአሜሪካ ችግር» ሲባል ቆይቷል። ዛሬ ግን በእኛም ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ።

መሳቢያ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ ይደርሳል። ለአባት የታዘዘውን ልጅ ይሞክረዋል። ያገለገለ ፕላስተር ውስጥ ሕፃን ልጅን ሊገድል የሚችል መድኃኒት ስለሚቀር፣ የሚጣብቀው ፊት ለፊት ተገናኝቶ መታጠፍና ልጅ በማይደርስበት መንገድ መወገድ አለበት።

ሰውነት ውስጥ የሚነሳው ማዕበል

አንድ ሰው ኦፒዮይድ ሲያቆም ለምን ላብ፣ እንባ፣ ንፍጥ፣ የልብ ምትና ጭንቀት በአንድ ጊዜ ይመጣሉ? መልሱ ያለው በአንጎል ግንድ ውስጥ በሚገኝ ትንሽ የሴሎች ስብስብ ላይ ነው። ሎከስ ሴሩሊየስ ይባላል፤ በላቲን «ሰማያዊ ቦታ» ማለት ነው። ሥራው ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር እየረጨ ሰውነትን ማንቃት ነው። አደጋ ሲመጣ ልባችን የሚዘለው፣ ጸጉራችን የሚቆመው በእሱ ጭምር ነው።

ኦፒዮይድ ይህን ቦታ ያፍነዋል። ሴሎቹም ዝም ብለው አይታፈኑም፤ ቀን በቀን እየበረቱ ይገፋሉ። በር ከውጭ ተይዞበት ከውስጥ በትከሻው የሚገፋ ሰው አስቡ። የያዘው ሰው በድንገት ቢለቅ የሚገፋው በአፍጢሙ ይደፋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚሆነው ይኸው ነው፦ የሚያፍናቸው ነገር ጠፋ፣ ሴሎቹ ግን በሙሉ ኃይላቸው እየገፉ ነው። ኖርአድሬናሊን ሰውነትን ያጥለቀልቃል።

ይህ ማዕበል በሄሮይንና ቶሎ በሚያልፉ ክኒኖች ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። በሰውነት ውስጥ ብዙ በሚቆየው ሜታዶን (እዚህ አገር አዶላን በሚባለው) ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ከ10 እስከ 20 ቀን ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ የሆነን ጎልማሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ነገር ግን ተቅማጡና ትውከቱ ውሃ ካደረቀ፣ በተለይ አረጋዊ ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ለሕይወት ያሰጋል። ስቃዩም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ወደ መድኃኒቱ የሚመለሰው ደስታ ፍለጋ ሳይሆን ከዚህ ስቃይ ለመሸሽ ነው።

ለአፍንጫ የተሠራው መድኃኒት

እዚህ ላይ ነው ኦፒዮይድ ያልሆኑት መድኃኒቶች የሚገቡት። ከሁሉም የሚታወቀው ክሎኒዲን ነው። መጀመሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የታሰበው ለታፈነ አፍንጫ ነበር። የደም ግፊት እንደሚቀንስ ሲታወቅ የግፊት መድኃኒት ሆነ። በእስራኤል ፋርማሲዎች ኖርሞፕሬሳን በሚል ስም ለደም ግፊት፣ በጣም በአነስተኛ መጠን ደግሞ ክሎኒሪት በሚል ስም ለማይግሬን ይታወቃል።

በ1978 በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማርክ ጎልድ፣ ዩጂን ሬድመንድ እና ኸርበርት ክሌበር የተባሉ ሐኪሞች ክሎኒዲን የኦፒየት መቋረጥ ምልክቶችን እንደሚያቆም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጆርጅ አጋጃንያን ምክንያቱን በእንስሳት ላይ አሳየ፦ ክሎኒዲን በዚያው በሰማያዊው ቦታ ሴሎች ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የኦፒዮይዱን ሳይሆን ሌላ ፍሬን ነው የሚረግጠው። መኪናው አንድ ነው፣ ፍሬኑ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሲበጠስ በሁለተኛው ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሁለተኛው ፍሬን ስካር የለውም፣ የኦፒዮይድን ልማድም አያራዝምም።

ከዚያ የክሎኒዲን ዘመድ የሆነው ሎፌክሲዲን መጣ። በብሪታንያ ከ1992 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በሜይ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ፈቀደው። ለአዋቂዎች የኦፒዮይድ መቋረጥ ምልክቶች ማስታገሻ እንዲሆን በዚያ አገር የተፈቀደ የመጀመሪያው ኦፒዮይድ ያልሆነ መድኃኒት እሱ ነው። ፈቃዱ የተመሠረተው 866 አዋቂዎች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ላይ ነው፤ የሚወሰደውም ቢበዛ ለ14 ቀን ነው። ኤፍዲኤ በዚያው ቀን አንድ ነገር አስረግጦ ተናግሯል፦ ይህ የሱስ ሕክምና አይደለም፣ የረጅም ሕክምና አንድ ክፍል እንጂ።

ሐኪም ፊት እንዴት ይሠራል?

ሐኪሙ ወይም ነርሷ መጀመሪያ ሕመሙን ይለካሉ። ለዚህ የሚያገለግል የታወቀ መለኪያ አለ፤ 11 ነገሮችን ይጠይቃል፦ የልብ ምት፣ ላብ፣ አለመረጋጋት፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአጥንት ሕመም፣ የአፍንጫና የዓይን መፍሰስ፣ የሆድ ነገር፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዛጋት፣ ጭንቀትና የቆዳ መውረር። ነጥቡ ተደምሮ ሕመሙ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ይባላል።

ክሎኒዲን ከተመረጠ የደም ግፊት ሳይለካ አይሰጥም። ግፊቱ ዝቅ ካለ መጠኑ ይዘለላል። ዋናው የጎንዮሽ ጉዳቱም ይኸው ነው፦ ግፊት መውረድ፣ ሲነሱ ማዞር፣ የልብ ምት መቀነስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአፍ መድረቅ። ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ በአንድ ቀን አይቆምም፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። በድንገት ከተቆመ ግፊቱ ወደ ላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

ከእሱ ጎን ለጎን እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ማስታገሻ አለው። ለቁርጥማቱ አካሞል ወይም ኑሮፌን ይሰጣል፤ ኑሮፌን የኩላሊትና የጨጓራ ሕመም ላለበት ባይሰጥ ይሻላል። ለማስመለሱ እንደ ፕራሚን ያለ መድኃኒት፣ ለእንቅልፉና ለጭንቀቱ ሐኪሙ አይቶ የሚመርጠው ልማድ የማያመጣ መድኃኒት ይታዘዛል። ለተቅማጡ ሎፔራሚድ (ኢሞዲየም) አለ። ሎፔራሚድ በዘሩ የኦፒዮይድ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በተለመደው መጠኑ ወደ አንጎል ስለማይደርስ አንጀት ላይ ብቻ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ውሃና ጨው ያስፈልጋል። ሾርባም ቢሆን፣ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚትም ቢሆን፣ በትንሽ በትንሹ።

ጥናቶቹን ሰብስበው የመረመሩ ባለሙያዎች የደረሱበት ድምዳሜ እንዲህ ነው፦ ክሎኒዲንና ሎፌክሲዲን ከባዶ ክኒን በግልጽ ይሻላሉ፤ ሜታዶንን ቀስ በቀስ ከመቀነስ ጋርም ይቀራረባሉ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በክሎኒዲን ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ባወጣው መመሪያ ለማቋረጡ ሕክምና ሜታዶንን ወይም ቡፕረኖርፊንን አስቀድሞ፣ ክሎኒዲንንና ሎፌክሲዲንን እንደ ሌላ አማራጭ አስቀምጧል።

ታዲያ ያለ ኦፒዮይድ ማን ይታከም? ሰውነቱ ገና በቀላሉ የለመደ፣ ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ሳምንት የወሰደ ሰው፤ ምትክ ኦፒዮይድ የማይፈልግ ወይም ሊያገኝ የማይችል ሰው፤ ወይም ናልትሬክሶን የተባለውን ኦፒዮይድን የሚያግድ መድኃኒት ለመጀመር ያሰበ ሰው። ናልትሬክሶን ከመጀመሩ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ ነጻ መሆን ያስፈልጋል። ያን ሳምንት ለመሻገር ክሎኒዲን ድልድይ ይሆናል።

እንደ ምሳሌያችን አያት ለሕመም ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው ግን ዋናው መንገድ በድንገት ማቆም ሳይሆን ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ያህል፣ ወይም ከዚያም በዝግታ፣ መቀነስ የአሜሪካ የ2022 መመሪያ የሚመክረው ነው። በመካከል ምልክት ብቅ ሲል ኦፒዮይድ ያልሆኑት መድኃኒቶች ያግዛሉ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በራሷ በድንገት ማቆም የለባትም። ለእሷ የሚመከረው በሐኪም ክትትል በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን መታከም ነው።

ከክሪዝ በኋላ ያለው ሳምንት

አሁን ወደ ሐራራ እንመለስ። ክሎኒዲን ላቡን ያደርቃል፣ የልብ ምቱን ያረጋጋል፣ የቆዳውን መውረር ያስታግሳል። ሐራራን ግን አያጠፋም። እንቅልፉም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚስተካከለው። ሰውየው በአሥረኛው ቀን ከአልጋው ሲነሳ ሰውነቱ ታጥቧል፤ ልቡ ግን እዚያው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። «ተፈወሰ! ግሚላ ጨረሰ!» ተብሎ እልል ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠራል። ደስታው የሚገባ ነው። ነገር ግን ከሕክምናው ሁሉ አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሰውነት ልምዱን ሲያጣ መቋቋሙንም ያጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት ምንም ያላደረገው መጠን ዛሬ ትንፋሽ ያቆማል። ከግሚላ፣ ከሆስፒታልና ከእስር ቤት በወጡ ሰዎች ላይ ሞት የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ያደረገው «እንደ ድሮው» መውሰድ ብቻ ነው። ሰውነቱ ግን የድሮው አይደለም።

ስለዚህ ክሪዝን ማስታገስ ብቻውን ሕክምና አይባልም። ከመጀመሪያው ቀን «ከዚያስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። መልሱ ናልትሬክሶን ሊሆን ይችላል። የሕክምና ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ መቆየት፣ የድጋፍ ቡድንና የሳይኮሎጂስት ክትትል ሊሆን ይችላል። ወይም አዶላን አለያም ሱቦክሶን ሊሆን ይችላል።

ስለ መጨረሻዎቹ ሁለቱ በማኅበረሰባችን የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል፦ «አንዱን ሱስ በሌላ ለወጠው»፣ «ያም ያው ነው»። ያው አይደለም። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በእነሱ እየታከመ የቆየ ሰው የመሞት ዕድሉ ሕክምና ላይ ካልሆነው ከግማሽ በታች እንደሆነ ብዙ ጥናት አሳይቷል። ጠዋት ተነስቶ መድኃኒቱን ወስዶ ሥራ የሚሄድ፣ ደሞዙን ቤቱ የሚያስገባ አባት «አልዳነም» ሊባል አይገባም። ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው ሱሰኛ አንለውም።

ኦፒዮይድ ያልሆነው መንገድ «ንጹሑ»፣ ሌላው «ቆሻሻው» አይደለም። ሁለቱም መሣሪያ ናቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሰውየው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም።

በቤት ውስጥ አይሞከርም

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው «እማማ የግፊት ክኒን አላት፣ እሱን ልውሰድ» ሊል ይችላል። አይሆንም። የግፊት መድኃኒት ሁሉ ክሎኒዲን አይደለም። ክሎኒዲኑም ቢሆን ግፊት ሳይለካ ከተወሰደ ሰውን ሻወር ቤት ውስጥ ይጥላል። ከአልኮል ወይም ከማረጋጊያና ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ከተደባለቀ የባሰ ነው።

ኢሞዲየምን በብዙ መውሰድም እንዲሁ ነው። ኤፍዲኤ በ2016 ከተፈቀደው በላይ የተወሰደ ሎፔራሚድ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል እንደሚችል አስጠንቅቋል።

አልኮል ወይም እንደ ቫልየምና ክሎኔክስ ያሉ ማረጋጊያዎችን አብሮ በየቀኑ ሲወስድ የነበረ ሰው ደግሞ ፈጽሞ በራሱ ማቆም የለበትም። የእነሱ መቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያመጣል፣ ይገድላልም።

ሰው ከልክ በላይ ወስዶ አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቢጠሩት ካልነቃ፣ አንድ ደቂቃ አታባክኑ፦ 101 ደውሉ። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ኦፒዮይዱን ከቦታው አስለቅቆ ትንፋሽ ይመልሳል። ነገር ግን ኃይሉ ከኦፒዮይዱ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ሰውየው ቢነቃም ሚዩን መሄድ አለበት። «ፖሊስ ይመጣል» ብሎ ሰውን ክፍል ዘግቶ መተው ልጅን መቅበር ማለት ነው።

ወደ ማን እንሂድ? በምን ቋንቋ?

የመጀመሪያው በር የቤተሰብ ሐኪሙ ነው፤ በተለይ መድኃኒቱ በሚርሻም የመጣ ከሆነ። አሽዶድ ከ2017 ጀምሮ የራሷ ሆስፒታል፣ አሱታ አሽዶድ፣ አላት። ከዚያ በፊት ሚዩን ፍለጋ ወደ ካፕላን ወይም ወደ ባርዚላይ ይኬድ ነበር። ትውከቱና ተቅማጡ ካልቆመ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም ደረቱን ካመመው እዚያው ከተማ ውስጥ ሚዩን አለ። ለሱሱ ሕክምና ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን የሬቫሃ ክፍል መጠየቅ ይቻላል። የሬቫሃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118፣ የጤና ሚኒስቴር ደግሞ ኮከብ 5400 ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በጁላይ 2015 የአእምሮ ጤና ሕክምና ወደ ኩፖት ሆሊም ሲዛወር የሱስ ሕክምና አብሮ አልተዛወረም። ስለዚህ የቤተሰብ ሐኪሙ «ይህ በእኛ በኩል አይደለም» ቢል በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። «ታዲያ በማን በኩል ነው? ማመልከቻውን (ሃፍናያውን) ጻፉልኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ የቋንቋው ነገር አለ። እዚህ አገር የተወለድን ልጆች ሁላችንም ማለት ይቻላል ተርጓሚ ሆነን ነው ያደግነው። የአሥር ዓመት ልጅ በሐኪምና በአያቱ መካከል ቁጭ ብሎ የማያውቀውን ቃል ሲተረጉም አስቡት። ሐኪሙ «ትሉት» ይላል። ልጁ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፦ «ሱስ»። አያት ይቆጣሉ፦ «እኔ ሱሰኛ ነኝ? እግዚአብሔር ይይለት!» ብለው ተነስተው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፕላስተሩ ማንም ደፍሮ አያነሳም።

ይህ መሆን የለበትም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋና ባህሉን ባገናዘበ መንገድ እንዲያገለግሉ ያዛል። ከ1998 ጀምሮ በማኅበረሰባችን ጤና ላይ የሚሠራው «ጤና ብሪዩት» የተባለው ድርጅትም ለዚሁ የቆመ ነው፤ ስሙ ራሱ የአማርኛውን «ጤና» ይዟል። ልጅ ወይም ጎረቤት ሳይሆን ባለሙያ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ምስጢሩም የእርስዎ ነው። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙንና ሠራተኛውን ሁሉ በምስጢር ጠባቂነት ያስራል፤ ሕጉ ራሱ ለይቶ ካስቀመጣቸው ጉዳዮች በስተቀር የነገሩትን ለሌላ አይናገሩም።

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ እነዚህን ይዘው ይግቡ፦ የመድኃኒቱን ሣጥን ወይም ፕላስተሩን፤ በቀን ስንት እንደሚወስዱ፣ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፤ ሌላ ምን እንደሚወስዱ፣ የግፊቱንም፣ የእንቅልፉንም፣ አረቄውንም። ከዚያ አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ በምን ያህል ፍጥነት ነው የምንቀንሰው? ምልክቱ ሲመጣ ምን ልውሰድ፣ ስንት? ግፊቴን ማን ይለካልኛል? ይህ ካለፈ በኋላስ ማን ይከታተለኛል?

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ መድኃኒቱ አለ፤ ከአንድ በላይም ነው። ክሪዝ ሰው ያጠፋው ጥፋት ቅጣት ስላልሆነ ጥርስ ነክሶ መቻልን የሚጠይቅ ፈተና አይደለም። ሊለካ፣ ሊታከምና ሊቀልል የሚችል ሕመም ነው። ቤተሰቡም ከሕመሙ ቀናት ይልቅ ቀጥለው ለሚመጡት ወራት ቢዘጋጅ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ያሳየውን ርኅራኄ ለዚያ ጊዜም ቢያስቀር፣ ብዙ ሕይወት የሚተርፈው በዚያ ነው።